የክሮስሊ ቴሌስኮፕና መቆሚያው፦ የሩቁን ሰማይ ፎቶግራፍ ለማንሣት የተደረገ የመሣሪያ ምርጫ ታሪክ

ጨረቃና ፕላኔቶች ብርሃናቸው ጠንካራ በመሆኑ ለፎቶግራፍ አንሺ ብዙም አያስቸግሩም። ከእነርሱ ርቀው የሚገኙት፣ ኔቡላ እየተባሉ የሚጠሩት የጋዝና የአቧራ ደመናዎች፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብትን ያቀፉት ጋላክሲዎች ግን ወደ ምድር የሚደርሰው ብርሃናቸው እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ ምስላቸውን ለመቅረጽ ብዙ ደቂቃ፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ ምድር መዞሯን አታቋርጥም። ሰማዩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ስለዚህ የሩቁን ሰማይ ፎቶግራፍ ለማንሣት ለሚፈልግ ሰው ሁለት መሣሪያዎች ያስፈልጉታል፤ አንደኛው ብርሃን የሚሰበስበው ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞረው መቆሚያ ነው።

ከሁለቱ መካከል በታሪክ ስሙ ሲነሣ የሚኖረው ቴሌስኮፑ ነው። የመስተዋቱ ስፋት በጋዜጣ ይነገራል፤ የሠሪው ብልሃት ይመሰገናል፤ ገንዘብ የሰጠው ባለጸጋም ስሙ ይጠራበታል። መቆሚያው ግን እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ሲሰነጠቅ እንጂ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚያስታውሰው የለም። ይሁን እንጂ የሥነ ፈለክ ፎቶግራፍ ታሪክ በጥንቃቄ ሲመረመር፣ ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ያስገኘውም ያበላሸውም መቆሚያው እንደ ነበረ ይገለጣል። ለዚህም ዛሬ የክሮስሊ ቴሌስኮፕ እየተባለ ከሚጠራው መሣሪያ የተሻለ ምስክር በቀላሉ አይገኝም። ይህ መሣሪያ ሦስት ባለቤቶች ተፈራርቀውበታል፤ በመጀመሪያው እጅ ሽልማት፣ በሁለተኛው እጅ ዝምታ፣ በሦስተኛው እጅ ደግሞ በመጀመሪያ ጠብ፣ ኋላም ታላቅ ግኝት አስገኝቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመቆሚያው ተግባር

ምድር በዘንጓ ላይ ስትሽከረከር፣ ከሰሜን ንፍቀ ክበብ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ከዋክብት ሁሉ በሰሜን ኮከብ አጠገብ ባለ አንድ ነጥብ ዙሪያ የሚዞሩ ይመስላሉ። የመቆሚያው ዋና ዘንግ ወደዚህ ነጥብ በትክክል ከተነጣጠረ፣ ቴሌስኮፑን በዚህ በአንዱ ዘንግ ላይ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ዙር በሚሞላ ፍጥነት ማዞር ብቻ ኮከቡን ይዞ ለመቆየት ይበቃል። ይህ ዘንግ የዋልታ ዘንግ ይባላል። ከአድማስ በላይ የሚያዘነብልበት ማዕዘን መሣሪያው ከተተከለበት ስፍራ ኬክሮስ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ይኸውም በለንደን 51 ዲግሪ ተኩል፣ በማዕከላዊ ካሊፎርኒያ 37 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ያህል ነው። ለአንድ አገር የተሠራ መቆሚያ ወደ ሌላ አገር ሲጓዝ መከራ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚፈለገው ጥንቃቄ ምን ያህል እንደ ሆነ በቀላል ስሌት ይታያል። ሰማዩ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 15 የዲግሪ ሴኮንድ ይሄዳል፤ የዲግሪ ሴኮንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። ማዞሪያው የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ቢዘገይ፣ የኮከቡ ምስል 3 የዲግሪ ሴኮንድ ይንሸራተታል። በዚህም መጠን መንሸራተት ነጥብ መሆን የሚገባውን ኮከብ ሰረዝ ለማድረግ ይበቃል። በቴሌስኮፕ ውስጥ በዓይኑ ለሚመለከት ሰው ይህ ስሕተት አይታወቀውም፤ ዓይን ቅጽበቱን አይቶ ያልፋልና። የፎቶግራፍ ፕሌት ግን የደረሰበትን ሁሉ ይደምራል፤ ብርሃኑንም ንዝረቱንም አንድ ላይ ያስቀምጣል። ለዓይን ጥሩ የነበረው መሣሪያ ሁሉ ለፎቶግራፍ ጥሩ ሆኖ ያልተገኘው ስለዚህ ነው።

ድሬፐርና ኮመን

እስከ 1870ዎቹ ድረስ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚጠቀሙበት ፕሌት በእርጥብነቱ የሚሠራ ነበር። ኬሚካሉ ሲደርቅ ብርሃን የመቀበል ኃይሉን ያጣ ስለ ነበር፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ክፍት አድርጎ ማቆየት አይቻልም ነበር። በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጄላቲን የሚሠራ ደረቅ ፕሌት አሰራርን ገለጠ። ሌሎችም አሻሽለውት በዚያው አሥርተ ዓመት መጨረሻ ላይ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲያ የሥዕሉን ጊዜ የሚወስነው ኬሚካሉ መሆኑ ቀርቶ መቆሚያው ሆነ።

የኒው ዮርኩ ሐኪምና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሄንሪ ድሬፐር መስከረም 30 ቀን 1880 በ28 ሴንቲ ሜትር የሌንስ ቴሌስኮፕ የኦሪዮንን ኔቡላ በ51 ደቂቃ ቀረጸ። በፎቶግራፍ የተያዘው የመጀመሪያው ኔቡላ ይህ ነው። በመጋቢት 1882 ደግሞ ያንኑ ኔቡላ ለ137 ደቂቃ ተከታትሎ ብዙ ደካማ ከዋክብትን የያዘ ሥዕል አገኘ። ሌንሱ አላደገም፤ ያደገው ማዞሪያው ኮከቡን ሳይለቅ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ድሬፐር ሥራውን ሳይፈጽም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ45 ዓመቱ ዐረፈ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ አንድሩ አይንስሊ ኮመን የተባለ፣ መተዳደሪያው የቤቶች ንጽሕና ምሕንድስና የሆነ ሰው፣ ከለንደን በስተምዕራብ በኢሊንግ በሚገኘው የግቢው አትክልት ቦታ ላይ 91 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመስተዋት ቴሌስኮፕ በ1879 ተከለ። መስተዋቱን የሠራለት ጆርጅ ካልቨር ሲሆን፣ መቆሚያውን የነደፈው ኮመን ራሱ ነበር። ኮመን መሐንዲስ እንደ መሆኑ መጠን፣ ትልቅ መስተዋት የሚሸከም ዘንግ በራሱ ክብደት ተጨንቆ እየተንገጫገጨ እንዳይዞር ማድረግ የመጀመሪያው ጉዳይ መሆኑን ተረድቶት ነበር። ስለዚህ የዋልታው ዘንግ በባዜቃ ውስጥ እንዲንሳፈፍ አደረገ። ባዜቃ ከውኃ 13 እጥፍ ተኩል ያህል የሚከብድ ፈሳሽ ብረት በመሆኑ፣ ከባዱን ዘንግ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የተሸካሚዎቹም ሰበቃ በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ኮመን በዚህ አላበቃም። ማዞሪያ ምንም ቢጠነቀቁለት መሳሳቱ እንደማይቀር ስለሚያውቅ፣ ፕሌቱን የሚይዘውን ክፍል በሁለት አቅጣጫ በብሎን እንዲንቀሳቀስ አድርጎ ሠራው። ተመልካቹ በፕሌቱ ጠርዝ በኩል አንድ ኮከብ በትንሽ አጉሊ መነጽር እየተመለከተ፣ ኮከቡ ከመስቀለኛው ክር በራቀ ቁጥር ብሎኑን ጥቂት አዙሮ ፕሌቱን ይመልሰዋል። ዘንጉ ያጠፋውን እጅ ያርመዋል ማለት ነው። ጥር 30 ቀን 1883 በዚህ መሣሪያ የተነሣው የኦሪዮን ኔቡላ ሥዕል፣ በዚያው ቴሌስኮፕ በዓይን ሊታዩ ያልቻሉ ከዋክብትን አሳየ። የንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ማኅበርም በ1884 ለኮመን የወርቅ ሜዳልያውን ሸለመው። የፎቶግራፍ ፕሌት ከዓይን በላይ ማየት እንደሚችል ከዚያ ቀን ወዲህ ያከራከረ የለም።

ከቤት ሠሪነት ተነሥቶ ወደ ሥነ ፈለክ የዞረው አይዛክ ሮበርትስም በሊቨርፑል አቅራቢያ ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። እርሱ የመረጠው መስተዋት 51 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው መቆሚያ ላይ ሌላ የሌንስ ቴሌስኮፕ አብሮ አሳስሮ፣ በአንዱ ፎቶግራፍ እያነሣ በሌላው ኮከቡን ይጠብቅ ነበር። በ1888 ያነሣው የአንድሮሜዳ ሥዕል ቀድሞ እንደ ጭጋግ ብቻ ይታይ የነበረው አካል ጠመዝማዛ ክንዶች እንዳሉት ገለጠ። የኮመንን መስተዋት ግማሽ እንኳ በስፋት እምብዛም የማያልፍ መሣሪያ ይህን ያህል ማሳየቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከሃሊፋክስ ወደ ሃሚልተን ተራራ

ኮመን የበለጠ ትልቅ መስተዋት ለመሥራት በመመኘቱ በ1885 ቴሌስኮፑን ለኤድዋርድ ክሮስሊ ሸጠው። ክሮስሊ በዮርክሻየር አውራጃ በሃሊፋክስ ከተማ በምንጣፍ ፋብሪካ የከበረ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን፣ ለመሣሪያው ጥሩ ጉልላት አሠራለት። ነገር ግን የዚያ አገር ሰማይ ደመና የሚበዛበት በመሆኑ፣ ሽልማት ያስገኘው ቴሌስኮፕ በአዲሱ ቤቱ ስሙን የሚያስጠራ ሥራ ሳይሠራ ዓመታት አለፉ። በ1895 ክሮስሊ ቴሌስኮፑን ከነጉልላቱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ለሚተዳደረው የሊክ መመልከቻ ጣቢያ በስጦታ ሰጠ።

ሊክ በሃሚልተን ተራራ ላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ከ1888 ጀምሮ በጊዜው ከዓለም ሁሉ የሚበልጠውን የሌንስ ቴሌስኮፕ ይዞ ነበር። የሚያስገርመው ነገር የዚህም ሌንስ ስፋት 91 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ተራራ ላይ በስፋት እኩል፣ በጠባይ ግን ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ቴሌስኮፖች ተገናኙ ማለት ነው። የሌንሱ የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስከሚሠራበት ነጥብ ያለው ርዝመት፣ 17 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የክሮስሊ መስተዋት የትኩረት ርቀት ግን 5 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ እኩል ብርሃን ቢሰበስቡም፣ ረዥሙ ያንን ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ሲበትነው አጭሩ በጠባብ ቦታ ላይ ያከማቸዋል። በስሌት ሲታይ የአንድ ኔቡላ ምስል በክሮስሊ ፕሌት ላይ በትልቁ ሌንስ ከሚገኘው 10 እጥፍ ያህል የደመቀ ይሆናል። በዚህም ላይ መስተዋት ቀለማትን ሁሉ በአንድ ነጥብ ሲሰበስብ፣ ለዓይን የተሠራ ሌንስ ግን የዘመኑ ፕሌት በብዛት የሚቀበለውን ሰማያዊ ብርሃን በሌላ ቦታ ይጥለዋል። ለጥንድ ከዋክብትና ለፕላኔቶች ትልቁ ሌንስ ይበልጥ ነበር፤ ለኔቡላ ግን ችላ የተባለው መስተዋት ይሻል ነበር።

ይህን ግን በጊዜው የተረዳው ጥቂት ሰው ነበር። መቆሚያው የተነደፈው ለእንግሊዝ ኬክሮስ ነው፤ ኢሊንግ 51 ዲግሪ ተኩል፣ ሃሊፋክስ ከ53 ዲግሪ በላይ ሲሆኑ ሃሚልተን ተራራ 37 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ልዩነቱ ከ14 ዲግሪ ያላነሰ በመሆኑ የዋልታው ዘንግ ከተሠራበት አኳኋን ውጭ እንዲጋደም ግድ ሆነ። ከዚህም ሌላ ቴሌስኮፑን ያለ ብዙ ድካም ማንቀሳቀስ አይቻልም ነበር። የጣቢያው ዲሬክተር ኤድዋርድ ሆልደን መሣሪያውን በሥራ ላይ እንዲያውል ዊልያም ሃሲን ባዘዘው ጊዜ፣ ሃሲ መሣሪያው በዚህ ሁኔታው ለሥራ እንደማይበቃ ተቃውሞ አቀረበ። አስቀድሞም በዲሬክተሩና በባልደረቦቹ መካከል ቅራኔ ስለ ነበረ፣ የክሮስሊ ጉዳይ ለጠቡ ተጨማሪ ማገዶ ሆነ። በ1897 ሆልደን ሥራውን ለቀቀ። አንድ መቆሚያ አንድን የታወቀ ተቋም ለማወክ ምን ያህል አስተዋጽኦ ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

የኪለር ሁለት ዓመታት

በሰኔ 1898 ጄምስ ኪለር የሊክ ዲሬክተር ሆኖ ሥራ ጀመረ። ኪለር የሳተርን ቀለበቶች አንድ ወጥ አካል ሳይሆኑ እየብቻቸው የሚዞሩ የብዙ ቅንጣቶች ስብስብ መሆናቸውን በ1895 በብርሃን ትንተና ያረጋገጠ፣ በሙያው የተከበረ ሰው ነበር። ዲሬክተር እንደ መሆኑ ታላቁን ሌንስ ለራሱ ማድረግ ይችል ነበር፤ ባልደረቦቹም ይህንኑ ሳይጠብቁ አልቀሩም። እርሱ ግን ትልቁን መሣሪያ ለሌሎች ትቶ፣ ሁሉም የሸሸውን ክሮስሊን ለራሱ ወሰደ።

ኪለር መስተዋቱን ከመንካት በፊት ወደ መቆሚያው ዞረ። ቴሌስኮፑ የቆመበት ዓምድ ተቆርጦ ዝቅ እንዲል አደረገ፤ ቱቦው በጉልላቱ ውስጥ ዝቅ ሲል ነፋስ የሚመታው ክፍል ይቀንሳልና። የዋልታውን ዘንግ ከሰማዩ ዋልታ ጋር እስኪገጥም ድረስ ደጋግሞ አስተካከለው። ማዞሪያው ሳያቋርጥ በእኩል እንዲሄድ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሠራለት። የኮመንን ባለሁለት ብሎን ፕሌት መያዣ አልጣለውም፤ አሻሽሎ ሠራበት እንጂ። ይህ ሁሉ ሥራ የመካኒክ እንጂ የሊቅ ሥራ አይመስልም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የምሽቱ ሥራ ራሱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ኪለር በቱቦው ጫፍ አጠገብ ከፍ ባለ መቆሚያ እርከን ላይ ሆኖ፣ በተራራው ብርድ፣ ዓይኑን ከመሪው ኮከብ ሳያነሣ አንዳንድ ጊዜ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ብሎኖቹን እያዞረ ይቆይ ነበር። ማዞሪያው የቱንም ያህል ቢሻሻል አየሩ ብርሃኑን ያጎብጠዋል፤ ቱቦው በክብደቱ ይለመጣል። ሦስት የዲግሪ ሴኮንድ በክሮስሊ ፕሌት ላይ የሚሊ ሜትር አሥረኛ እንኳ አትሞላም፤ የአራት ሰዓት ድካም ግን በእርስዋ ይበላሻል።

ፍሬው ከታሰበው በላይ ሆነ። በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ ለማንሣት ከታቀደው ኔቡላ ሌላ፣ በማንም መዝገብ ውስጥ ያልነበሩ ጥቃቅን ኔቡላዎች ተገኙ። በ1888 ድራየር ያሳተመው ታላቁ የኔቡላዎችና የከዋክብት ስብስቦች መዝገብ 7,840 አካላትን የያዘ ነበር። ኪለር ከፕሌቶቹ ቆጥሮ ለመላው ሰማይ ሲያሰላ፣ በክሮስሊ ሊደረስባቸው የሚችሉ አዳዲስ ኔቡላዎች ወደ 120,000 እንደሚደርሱ ገመተ። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ ጠመዝማዛ ቅርጽ እንዳላቸው አስተዋለ። ጠመዝማዛው ቅርጽ እስከዚያ ድረስ እንደ ልዩ ነገር ይቆጠር ነበር፤ ከኪለር በኋላ ግን የተለመደው መልክ እርሱ ሆነ። እነዚህ አካላት ከራሳችን ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያሉ ጋላክሲዎች መሆናቸው የታወቀው ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ ጥያቄው በዚህ መጠን የተነሣው በእነዚህ ፕሌቶች ነው።

ኪለር ውጤቱን ለማየት ብዙ አልቆየም። ነሐሴ 12 ቀን 1900 በ42 ዓመቱ በድንገት ዐረፈ። ሥዕሎቹ ተሰብስበው በጣቢያው መጽሐፍ በ1908 ታተሙ። ከእርሱ ቀጥሎ በመሣሪያው የሠራው ቻርልስ ፔሪን የአሮጌው መቆሚያ ዕድሜ ማብቃቱን ተረድቶ፣ እንደ አዲስ ጠንካራ ሆኖ እንዲሠራ አደረገ። በ1904 እና በ1905 የጁፒተርን ስድስተኛና ሰባተኛ ጨረቃዎች ያገኘው በዚሁ ቴሌስኮፕ ነው። ለኮመን ከተሠራ ሩብ ምእት ዓመት ካለፈው በኋላ ቴሌስኮፑ እንደ አዲስ መሣሪያ ሲያገለግል ታየ፤ የታደሰው ግን ከሥር ያለው ብረት ነበር።

የባርናርድ ትንሽ ሌንስ

በዚያው በሃሚልተን ተራራ ላይ ኪለር ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ኤድዋርድ ባርናርድ በሌላ መንገድ ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ ደርሶ ነበር። ባርናርድ በ1857 በናሽቪል ከተማ ከድኻ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥራውም በጣሪያ ላይ የተተከለውን፣ በፀሐይ ብርሃን ሥዕል የሚያሳድገውን ትልቅ ካሜራ ከፀሐይ ሳይለይ ቀኑን ሙሉ በእጁ ማዞር ነበር። የሰማይን መሄድ በጣቶቹ ያወቀ ልጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ባርናርድ በሊክ በ1889 ፍኖተ ሐሊብን ማንሣት ሲጀምር የተጠቀመበት ሌንስ ለሰው ፊት ፎቶግራፍ የተሠራ፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አሮጌ ሌንስ ነበር። የሰፊውን ሰማይ ሥዕል በአንድ ፕሌት ለመያዝ ከታላቁ ቴሌስኮፕ ይልቅ ይህ ይመረጥ ነበር። ባርናርድም ለረዥም ሰዓታት ኮከብ እየጠበቀ፣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያሉትን የከዋክብት ክምችቶችና ጥቁር ክፍተቶች ከእርሱ በፊት ማንም ባላሳየው መልክ አሳየ።

ኋላም በየርክስ ጣቢያ ሲሠራ ካትሪን ብሩስ የተባለች በጎ አድራጊ በ1897 በሰጠችው 7,000 ዶላር የራሱን መሣሪያ ለማሠራት ዕድል አገኘ። በ1904 የተተከለው ይህ መሣሪያ 25 ሴንቲ ሜትር ሌንስና ሌላ አነስተኛ ካሜራ፣ እንዲሁም ኮከብ መጠበቂያ ቴሌስኮፕ በአንድ መቆሚያ ላይ ያጣመረ ነበር። በጊዜው በተለመደው መቆሚያ ላይ አንድ ኮከብ ከምሥራቅ ተነሥቶ የሰማዩን ከፍተኛ ቦታ ሲያልፍ፣ ቱቦው ከዓምዱ ጋር እንዳይጋጭ ሥራው ተቋርጦ ቴሌስኮፑ ወደ ሌላው ወገን መገልበጥ ነበረበት። በባርናርድ መቆሚያ ግን ዓምዱ ራሱ ወደ ዋልታው አቅጣጫ ጎበጥ ብሎ ተሠራ፤ በዚህም ፕሌቱን ሳይዘጋ ከምሽት እስከ ንጋት አንድን አካል መከተል ተቻለ። ባርናርድ አስቀድሞ የወሰነው የሥዕሉን ዓይነት ነበር፤ ሌንሱንም መቆሚያውንም የመረጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ቀንበርና የፈረስ ኮቴ

ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቅ መሣሪያዎች ይህንኑ ትምህርት በሰፊው ደገሙት። በ1908 በዊልሰን ተራራ የተተከለው የ1.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ልክ እንደ ኮመን በባዜቃ ላይ የተንሳፈፈ ነበር። መስተዋቱን የሠራው ጆርጅ ሪቺ አንድን ፕሌት በተከታታይ ሌሊቶች እየከፈተና እየዘጋ፣ ብዙ ሰዓት የፈጀ ሥዕል ለማንሣት በቃ። በ1917 ሥራ የጀመረው የ2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ክብደቱን እንዲችል ቀንበር በሚመስል አራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ ተሰቀለ። ቀንበሩ ጥንካሬን ሰጠ፤ ዋጋውም በሰሜኑ ዋልታ ዙሪያ ያለውን ሰማይ ማጣት ነበር። ይሁን እንጂ ኤድዊን ሃብል በጥቅምት 1923 በአንድሮሜዳ ውስጥ ብርሃኗ በየጊዜው የምትለዋወጥ ኮከብ አግኝቶ፣ ያ ኔቡላ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑን ያረጋገጠው በዚህ መሣሪያ ባነሣው ፕሌት ነው። በ1948 የተመረቀው የፓሎማር 5 ሜትር ቴሌስኮፕ የቀንበሩን የላይኛውን ጫፍ የፈረስ ኮቴ በሚመስል ክፍት ክብ በመተካት ዋልታውንም ለማየት ቻለ። የሚዞረው ክፍል ከ500 ቶን የሚበልጥ ሲሆን፣ በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ስለሚንሳፈፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያዞረዋል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ በካውካሰስ ተራራ የተሠራው የሶቪየት ኅብረት 6 ሜትር ቴሌስኮፕ ደግሞ የዋልታውን ዘንግ ፈጽሞ ተወ። ቴሌስኮፑ እንደ መድፍ ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የሁለቱን ዘንጎች ፍጥነት ኮምፒዩተር እያሰላ ያዛል፤ በፕሌቱ ላይ ምስሉ እንዳይሽከረከርም ካሜራውን አብሮ ያዞረዋል። ዛሬ ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች የሚሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። የኪለር ጣቶች ያደርጉት የነበረውን ማረም አሁን የኤሌክትሮኒክ ዓይን ያደርገዋል፤ በመስታወት ፕሌትም ፈንታ ብርሃንን በቀጥታ ወደ ቁጥር የሚለውጥ መቀበያ ተተክቷል። ሥራው ግን ያው ነው።

ለዛሬ መራጭ

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ መራጭ የሚተርፈው ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ሊነሣ የሚፈለገው ነገር ይወሰናል፤ ሰፊ ኔቡላ ከሆነ አጭር የትኩረት ርቀት፣ ትንሽና ሩቅ ጋላክሲ ከሆነ ረዥም የትኩረት ርቀት ይፈልጋል። የትኩረት ርቀቱ በረዘመ መጠን የመቆሚያው ስሕተት በዚያው መጠን ጎልቶ ይታያል። በዛሬ ካሜራዎች ዘንድ የተለመደ የ3.76 ማይክሮን የምስል ነቁጥ በ400 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ 2 የዲግሪ ሴኮንድ ያህል ሰማይ ይሸፍናል፤ በ2,000 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ግን ከ0.4 አይበልጥም። ሁለተኛው መሣሪያ ከመቆሚያው አምስት እጥፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል ማለት ነው። ስለዚህም በገንዘብ ውሱን የሆነ ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥሩ ትንሽ ሌንስ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ቢጭን፣ ትልቅ መስተዋት በደካማ መቆሚያ ላይ ከጫነ የተሻለ ሥዕል ያገኛል። መቆሚያው ይችላል ተብሎ ከተጻፈው ክብደት ግማሹን ብቻ ማሸከምም በሙያው የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ትምህርት ተጨማሪ ትርጉም አለው። በእንጦጦ ተራራ ላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሁለት የ1 ሜትር ቴሌስኮፖችን የያዘ መመልከቻ ጣቢያ ተሠርቶ በ2015 ሥራ ጀምሯል። የአገሪቱ ሰማይ ከሰሜን ኮከብ አንሥቶ እስከ ደቡብ መስቀልና ከዚያም አልፎ ስለሚታይ፣ የአውሮፓ ተመልካች የማያገኘው ሀብት ነው። ነገር ግን ኬክሮሱ በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ብቻ በመሆኑ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም፤ ኮረብታ ወይም ጭጋግ ይሸፍነዋል። የዋልታው ዘንግም ጋደም ማለት አለበት። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ትናንሽ መቆሚያዎች መካከል አንዳንዶቹ እስከዚህ ድረስ ዝቅ አይሉም፤ ዝቅ የሚሉትም ቢሆኑ ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከሥሩ ካለው እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል። ክሮስሊ ከእንግሊዝ ወደ ካሊፎርኒያ ሲሄድ የገጠመው ችግር ከ14 እስከ 16 ዲግሪ የሆነ ልዩነት ነበር፤ ያው መሣሪያ ከለንደን ወደ አዲስ አበባ ቢመጣ ልዩነቱ ከ42 ዲግሪ በላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ መሣሪያ ከመታዘዙ በፊት የመስተዋቱን ስፋት ከመጠየቅ አስቀድሞ፣ ዘንጉ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ መጠየቅ ይገባል።

ኮመን መስተዋቱን ከሌላ ሰው እጅ ተቀብሎ መቆሚያውን ራሱ ነደፈ፤ ኪለርም ዓምዱን ቆርጦ ዘንጉን ሲያስተካክል ለመስተዋቱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አልጨመረለትም። በኢሊንግ ሜዳልያ ያስገኘው፣ በሃሊፋክስ ዝም ያለው፣ በሃሚልተን ተራራ ያጣላውና ኋላም 120,000 ኔቡላዎችን ያስገመተው ቴሌስኮፕ ስፋቱ ያው 91 ሴንቲ ሜትር ነበር።